ከማን ወገን

የመጀመሪያ ልጃቸው አከርካሪው ሳይዘጋ ተወልዶ በሳምንቱ ሞተ። የምርመራውን ውጤት ባሏ ይርዳው ብቻውን ሄዶ ሰማ። ሲመለስ፣ «ችግሩ ካንቺ ነው አሉ፤ ግን ግድ የለም፣ አንቺን በማንም አልለውጥም» አላት። አማቷ፣ «ሰባት ቤት ቆጥረን ነው የዳርነው፤ በኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር የለም» ባሉ ቁጥር ይርዳው፣ «ተያት እማዬ» ይላል። ለዚህ ውለታው ስትል ከአማቷ ጋር ቃል ተመላልሳ አታውቅም።

አሁን ሁለተኛውን አርግዛ አራተኛ ወሯን ይዛለች። ዛሬ ለክትትል አብረው መጡ።

«የመጀመሪያ ልጃችሁ ላይ ያገኘነው የዘረመል ልዩነት ብዙ ሰው ላይ ያለ ነው» አለች ሐኪሟ። «ፎሌት የሚባለውን ቫይታሚን ለሰውነት የሚያዘጋጀው ኢንዛይም ይዳከማል። በራሱ በሽታ አይደለም፤ አደጋውን ግን ይጨምራል። ልጁ አንዱን ከአባቱ፣ አንዱን ከእናቱ ወርሶ ነበር።»

«ከአባቱም?»

«አዎ፣ ከሁለታችሁም። ለይርዳው ነግሬዋለሁ እኮ። ፎሌቱን የሚተካውን የፎሊክ አሲድ እንክብል ከማርገዝሽ በፊት ጀምረሽዋል አይደል? የፅንሱ አከርካሪ የሚዘጋው በመጀመሪያው ወር ስለሆነ ነው አስቀድሜ ለሱ የሰጠሁት።»

እጇን ሆዷ ላይ እንዳደረገች ወደ ባሏ ዞረች።

«የምን እንክብል?» አለችው።



«እማዬ እንክብሉን ብታይ ለምን እንደሆነ ትጠይቅ ነበር» አላት። «ከኛም ወገን ነው ብዬ እንዴት ልንገራት?»