ተመስገን የቀረበት መንደር

የእርዳታ ድርጅቱ ገምጋሚ ሰው መላክ ትቶ በእማማ የውብዳር ግድግዳ ላይ «ጆሮ» የሚባል የሚያዳምጥ መሣሪያ ከሰቀለ ወዲህ፣ መንደሩ ውስጥ «ተመስገን» ማለት ቀርቷል። ጆሮው ቃሉን ከሰማ «ችግሩ ተፈቷል» ብሎ ይጽፋል፤ ድርጅቱ የሚልከው የውሃ ቦቴም በነጋታው ይቀራል። የማዶው ሰፈር የተጠማው አንድ ሽማግሌ እዚያ በተሰቀለው ጆሮ ፊት በልተው ሲያገሱ ባመለጣቸው ቃል ነው።

ጓዳ ውስጥ ሁለት ቀን ያማጠችው የእማማ ልጅ ዛሬ ተገላገለች። አዋላጇ ብቅ አለች።

«ሁለቱም ደህና ናቸው!»

እማማ «ተመ...» ሲሉ፣ ጎረቤታቸው ደርበው አፋቸውን በእጁ አፈነው።

«እማማ፣ ውሃችንን!»

እጁን ነክሰው አስለቀቁና እልልታቸውን አቀለጡት። ጆሮው እልልታ አያውቅም።

«ከባድ ጩኸት ተሰምቷል፤ ቦቴው ሁለት ይሁን» አለ።

ደርበው የተነከሰ እጁን እያሻሸ ጠጋ አለ።

«እማማ፣ ሌላ ነፍሰ ጡር ልጅ የለዎትም?»