የእንቁጣጣሽ ፎቶዎች

ወርቅውሃ አሮጌውን ላፕቶፕ በአዲስ ከመቀየሯ በፊት፣ ሟች ባሏ ቀናው ያነሳቸው ፎቶዎች እንዳይጠፉባት ብላ ቃሊቲ አንድ ሱቅ ገባች። ባለሱቁ ሁለት ሃርድ ዲስክ አወጣላት።

“እናቴ፣ ይሄኛው ቢወድቅም አይበላሽም” አላት። እሱኑ መረጠች።

ቀናው በየዓመቱ በእንቁጣጣሽ ጠዋት ገላን ኮንዶሚኒየም በራቸው ላይ አቁሞ ያነሳት ነበር፤ ፎቶዎቹንም ላፕቶፑ ላይ በየዓመተ ምሕረታቸው ያስቀምጥ ነበር። በ2014 ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ነው የምትኖረው፤ ላፕቶፑንም ከፍታው አታውቅም።

ፎቶዎቹ ወደ ሃርድ ዲስኩ ተገልብጠው ሲያልቁ ባለሱቁ፣ “ይዩት፣ እስከ ዘንድሮ ድረስ አንድም አልጎደለም” አለ።

የ2015ን ከፈተላት። ጥቁር ለብሳ በሩ ላይ ቆማለች። በ2016 ሳሎን ውስጥ ጀርባዋን ሰጥታለች። በ2017 መኝታ ቤት ተኝታለች። የዘንድሮው ፊቷ ብቻ ነው፤ ከቅርብ፣ ዓይኗ ተከድኖ።

“ተኝተው ሳለ ማን አነሳዎት?” አላት ባለሱቁ።