የዲጋ ቅቤ

«ጫማሽን አውልቀሽ ሚዛኑ ላይ ውጪ፤ ሹራቡንም» አለ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ተረፈ።

ሎሚ ሹራቡን ስታወልቅ አያቷ ድርቤ ዓይኗን ከልጅቱ ትከሻ መንቀል አቃታት። አጥንቱ ቀሚሱን ገፍቶ እንደ ዶሮ ክንፍ ወጥቷል። ባለፈው መስቀል ዲጋ፣ አያቷ ቤት ስትመጣም ይኸው ወፍራም ሹራብ ከላይዋ አልወረደም ነበር። «ብርድ አይችላትም» ብላ ነበር ጌጤ፤ ድርቤም አምናት ነበር። ታናሽ እህቷን ካላመነች ማንን ልታምን ነው?

ድሬሰሩ የሚዛኑን ብረት ወደ ኋላ ገፋ፤ እንደገና ገፋ። ከዚያ ልጅቱን ከጃንሆይ ሥዕል ሥር ግድግዳው ላይ ከተመታው መለኪያ ጋር አቆማት።

«ቁመቷ ጥሩ ነው።»

«አላልኩም?» አለች ጌጤ ከበሩ አጠገብ። «ትምህርት ቤት ራሷን ስታ የወደቀችው ትል ይዟት ነው። መድኃኒቱን ስጣትና እንሂድ።»

የድርቤ ልብ መለስ አለ። ዲጋ ቤቷ፣ የበሩ መቃን ላይ፣ ልጅቱ በመጣች ቁጥር በቢላ ምልክት ታደርጋለች፤ ምልክቱ ሁልጊዜ ከፍ ይላል። ሎሚ የሞተው ልጇ ልጅ ናት፤ ለትምህርት ብላ ነቀምት ጌጤ ቤት ያስቀመጠቻት። በየገበያው ቀን ቅቤ ትልካለች። የሚያድግ ልጅ ጠገበ ማለት አይደል?

«ቁመት ብቻውን አያስረዳም፣ አዴ ድርቤ» አለ ድሬሰሩ። «ክብደትም ብቻውን አያስረዳም። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገን ነው የምናየው። ቁመቷ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነው፤ ክብደቷ የዘጠኝ። ትል ብቻ እንዲህ አያደርግም። ምን ትበላለች?»

«የምንበላውን» አለች ጌጤ።

ድርቤ ዞረች። የእህቷ አንገት ተደርቧል፤ አምባሯ ሥጋዋ ውስጥ ሰጥሟል። ጠዋት ስትስማት «ከተማ ተስማማሽ» ብላት ነበር፣ ያውም ደስ ብሏት።

«ለጥጃዎቼ ወተት ነፍጌ የናጥኩትን ማን በላው?»

«እትዬ፣ ሰው ፊት…»

«ሐኪም ሰው አይባልም። ስንቱን ራቁቱን ያየ ነው።»

«ስስታም አደረግሽኝ? እስቲ ፊቷን እይው፣ ያበራል። ጸጉሯን እይ።»

«አንቺም ውጪ» አለች ድርቤ ወደ ሚዛኑ እየጠቆመች።

«ምን ልሁን ብዬ?»

«ውጪና ቅቤዬን ይመዝንልኝ።»

ድሬሰሩ ጉሮሮውን ጠርጎ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። ጌጤ ነጠላዋን ሰበሰበች እንጂ አልተነቃነቀችም።

ድርቤ ወደ ልጅቱ ጎንበስ አለች። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ንገሪኝ። ቅቤው ይደርስሻል?»

ሎሚ ጌጤን አየች፤ ከዚያ የገዛ እግሯን። «ይደርሰኛል፣ አኮ» አለች ለአያቷ በቀስታ። «አኮ ትመጣለች ሲባል እትዬ ጌጤ ራሴን ትቀባኛለች። ፊቴንም። ዛሬም ቀብታኛለች።»



«ልጆቼ ቅቤውን ሲያዩ ይንጫጫሉ» አለች ጌጤ። «የቱን ልከልክል? ከአብራኬ የወጣውን?» ድምጿ ድሮ፣ ድርቤ አዝላት እንጨት ስትለቅም፣ ከጀርባዋ «ራበኝ» ትላት የነበረው ድምፅ ነው።

ድርቤ ሹራቡን አንስታ ጌጤ እግር ሥር ጣለችው፤ ልጅቱን በራሷ ጋቢ ጠቀለለቻት።

«ትምህርቷስ?» አለች ጌጤ።

«አጥንት አይማርም።»

ልጅቱን ወደ በሩ ስትመራ መዳፏን የልጅቱ ጸጉር ላይ አሳረፈች። መዳፏ ወዛ። ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችው፤ የገዛ ራሷ መናጫ ቅል ሽታ፣ ራሷ ያጠነችበት የወይራ ጭስ። በቀሚሷ አልጠረገችውም። እጇን እንደ ቆሰለ ሰው ከፍ አድርጋ ይዛ፣ እህቷን ሳታያት አልፋ፣ ከልጅቱ ጋር የዲጋን መንገድ ጀመረች።