ቅቤ በሁዳዴ

«በሁዳዴ መጀመሪያ ቅቤ ግዙን ብለሽ መልእክት ላክሽ? ለመሪጌታውም ጭምር?» እናትየው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጫን አድርገው ያዙ።

«እኔ አልላክሁም እኮ እማዬ፣ ሶፍትዌሩ ራሱ ነው የላከው» አለች ልጃቸው። ቡሬ ያለውን የቅቤ ሱቃቸውን በኢንተርኔት የከፈተችላቸው እሷ ነበረች፤ ትናንት ደግሞ የደንበኞችን ስም ከሚይዝና መልእክት ከሚልክ ሶፍትዌር ጋር አገናኘችው።

«እንግዲህ ማን ይገዛኛል? ጾም የማታውቅ ሊሉኝ ነው።»

ስልኩ ጮኸ። መልእክቱ የመሪጌታው ነበር። እናትየው ፊታቸውን አዙረው «አንብቢው፣ ቢቆጡም ልስማው» አሉ።

ልጅቷ አነበበች። «ቅቤውን ለፋሲካ አስቀምጭልኝ፤ እስከዚያው የኑግ ዘይት ካለሽ ላኪልኝ።»

እናትየው «እሰይ፣ ተመስገን!» ብለው በረጅሙ ተነፈሱ። «በይ አንቺ፣ ለዚያ ሶፍትዌርሽ ጾም መግባቱን ንገሪው።»