አረንጓዴው ቁልፍ

ማዕዶት ከንፈሩን ነከሰ። ቡታጅራ፣ አንድ ዕድር ቢሮ ውስጥ፣ ጸሐፊዋ እትዬ ትርንጎ እሱ የጻፈውን መመሪያ በግራ እጃቸው ይዘው፣ በቀኛቸው ማውዙን እየገፉ ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ቁልፍ ይፈልጉ ነበር። አረንጓዴ ቁልፍ እንደሌለ እሱም ያየው ገና አሁን ነው። በየከተማው ተበታትነው ይህን የአባላት መመዝገቢያ ፕሮግራም በነጻ ከሚሠሩት ጓደኞቹ አንዱ ቁልፉን ሰማያዊ አድርጎታል፤ ለማዕዶት ግን የነገረው የለም። እንዳይናገር ደግሞ ጓደኞቹ፣ «አንድ ሰው ማንም ሳያግዘው መመሪያህን እያነበበ አንድ አባል መዝግቦ ከጨረሰ፣ መመሪያው ከፕሮግራሙ ጋር ይወጣል፤ አለዚያ ይቅር» ብለውታል።

«አንተ፣ የታለ አረንጓዴው?» አሉ እትዬ ትርንጎ። ማዕዶት ጣሪያ ጣሪያውን አየ። «አፍ የሌለው ሰው ነው እንዴ የላኩልኝ!» ብለው ወረቀቱን ገለበጡና የመጨረሻዋን መስመር ጮክ ብለው አነበቡ፦ «ከቸገርዎ በዚህ ስልክ ይደውሉ።» ደወሉ። የማዕዶት ኪስ ጮኸ። ስልኩ መመሪያው ላይ የተጻፈ ስለሆነ ደንብ አልጣስኩም እያለ ራሱን እያጽናና ወጥቶ ሮጠ፤ መስኮቱ ሥር አጎንብሶም ድምፁን አወፈረና «አቤት እመቤቴ፣ ሰማያዊውን ይጫኑ» አለ።

ሲመለስ ምዝገባው አልቋል። እትዬ ትርንጎ መነጽራቸውን አውልቀው ወረቀቱን ከነእስክሪብቶው አቀበሉት።

«በስልኩም በመስኮቱም ሰማሁህ» አሉት። «በል አረንጓዴውን ሰርዝና ሰማያዊ ብለህ ጻፍ። ወይስ በየዕድሩ መስኮት ሥር ልታጎነብስ ነው?»