ቀድማ የገባችው

ባልና ሚስቱ ወደቡን ዞር ዞር ብለው ሲመለሱ የሽርሽር መርከባቸው ሊነሳ ጥሩምባውን ይነፋ ነበር። የመርከቡ በር ላይ ያለው ማሽን ለባልየው መግቢያ ካርድ አረንጓዴ አበራ፤ ለሚስትየዋ ግን ቀይ።

«እርስዎማ ቅድም ገብተዋል» አላት ዘበኛው።

«ኧረ በፈጠረህ ወንድሜ! ይኸው ፊትህ ቆሜ! እስቲ ክፍላችን ደውል!»

ደወለና ሁሉም እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አደረገው።

«ማን ልበል?» አለ የራሷ ድምፅ።

ሚስትየዋ የባሏን እጅ ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

«እኔ ነኝ» አለ ባልየው ግራ ገብቶት።

«ምነው የኔ ቀርፋፋ፣ የት ቀረህ? ጥለውህ ሊሄዱ እኮ ነው!»

ሃያ ዓመት ሙሉ በዚህ ስም የምትጠራው ለብቻቸው ሲሆኑ ብቻ ነበር።

ባልየው ስልኩን አየ፤ ከዚያ እሷን አየ።

«እኔ ነኝ እኮ!» አለችው። «እኔ ነኝ!»

ቀስ ብሎ ጣቶቿን አንድ በአንድ ከእጁ አላቀቀ።