ለሠላሳ ዓመት የሚበቃ መብራት

አያ ልየው ሕዝብ ቆጣሪ አይወድም። ድሮ ቆጣሪዎች መጥተው ሁለት ወንዶች ልጆቹን ከተደበቁበት አስጠሩት፤ ልጆቹ የአባታቸውን ድምፅ አምነው ወጡ፣ ለጦርነት ተወሰዱ፣ በዚያው ቀሩ። ስለዚህ ዛሬ የመኪና አቧራ ገና ከሩቅ ሲያይ የሸለቆውን ሕዝብ ሁሉ ገደሉ ወገብ ላይ ባለው ዋሻ ውስጥ ሸሸገ።

"መኪናው ሳይሄድ እኔ ራሴ ብጠራችሁ እንኳ እንዳትወጡ" አላቸው። ከዚያ ከስድስት ሽማግሌዎች ጋር ቤቱ ደጅ ላይ ተቀመጠ።

የመጣችው ወጣት ባለሙያ ናት።

"አባቴ፣ የዛሬ ሠላሳ ዓመት ዓለም ምን ያህል የኤሌክትሪክ ኃይል እንደሚያስፈልገው እያጠናን ነው። እዚህ ስንት ሰው ይኖራል?"

"የምታዪን ነን፣ ልጄ። ሰባት።"

"የዛሬ ሠላሳ ዓመትስ?"

"ሬሳ መብራት አይጠይቅም። ባዶ ብለሽ ጻፊ።"

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እሷም ጻፈች፤ አያ ልየው አውራ ጣቱን አተመበት።

"ገላገሉኝ" አለች ወረቀቱን እያጠፈች። "ለሠላሳ ዓመቱ የሚበቃ ግድብ ሊሠራ ነው። ውኃው ከሁለቱ ሸለቆዎች አንዱን መዋጡ አይቀርም። ማዶ ያሉት መቶ ሃምሳ ናቸው፤ እናንተ ግን ሰባት ናችሁ።"

"ኧረ እኛ ሦስት መቶ ነን!"

"ውኃ ሊመጣ ነው ሲባል ሁሉም ቁጥሩን ያበዛል፣ አባቴ።"

አያ ልየው ወደ ገደሉ ዞሮ ጮኸ። "ውጡ! እኔ ነኝ፣ ውጡ!" በየስማቸው ጠራቸው፤ ድምፁ እስኪሰነጠቅ ጠራቸው።

ባለሙያዋ የመኪናውን በር ይዛ ጥቂት ጠበቀች።

ከዋሻው ሕፃን እንኳ አላለቀሰም።